ዳገቱ ላይ አልበረደኝም፣ ጫፉ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነው የበረደኝ

ቁልቁለት_ፈሪ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሳይክል ክለባችን ጋር ወጥቼ ግማሽ መንገድ ላይ አቋርጬ ተመለስኩ። የተቀየሙኝ ልጆች አሉ። ትክክል ነበርኩ ወይስ ፈሪ ነኝ? ስሜን አይታችሁ እንዳትፈርዱ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 94 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ትልልቅ ዳገት፣ ሲደመር ወደ 1,900 ሜትር መውጣት። ትንበያው ከሰኞ ጀምሮ ዝናብ ይል ነበር። ዓርብ ማታ አንዱ «በዚህ አየር እንወጣለን እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «ጨው ነህ እንዴ የምትሟሟው?» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ እቀራለሁ ይላል? 14 ሆነን ወጣን።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ካፊያ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር። መኪና የለም፣ የአስፋልቱ እርጥብ ሽታ አለ፣ የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅ ብቻ ነው። የዝናብ ጃኬቴን ግን ከቤት ጀምሮ ለብሼው ስለነበር ከውስጥ በላብ ራስኩ። ያኔ አላስተዋልኩም። ሞቆኝ ነበራ።

ሁለተኛው 11 ኪሎ ሜትር ነው። ሥሩ ላይ ጂፒኤሴ 9 ዲግሪ ይላል። መሃል ላይ ካፊያው ዶፍ ሆነ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጭጋግ ነው፣ ከ30 ሜትር ወዲያ አይታይም። የሚያስጠልል አንድ ዛፍ የለም። ደንባችን ደግሞ «ጫፍ ላይ ሁሉም ይጠበቃል» ነው። ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አስር። ከኋላ ጎማ ተነፈሰ የሚል ወሬ ደረሰን። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆምን።

መጀመሪያ እንቀልድ ነበር። ቆይቶ የሚቀልድ ጠፋ። እኔ ስልኬን ለማየት ጓንቴን አወለቅኩ። ጓንቱ ሾቆ ስለነበር የውስጥ ገበሩ ከጣቶቼ ጋር ተገልብጦ ወጣ። መልሼ ላጠልቅ ብል ጣት የሚገባበት ቦታ የለም፤ ገበሩ ተኮማትሮ እንደ ቡሽ ደፍኖታል። በጥርሴ ጎተትኩ፣ በሌላው እጄ ገፋሁ። በመጨረሻ ሁለት ጣት በአንድ ቀዳዳ ገባ፤ እንደዚያው ተውኩት። የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ እንዲዘጋልኝ አጠገቤ ያለውን ልጅ ለመንኩት። የሱም እጅ አልታዘዝ አለው። ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ዘጋልኝ። ሳቅን። ግን አስቡት፣ ዚፕ መዝጋት ያቃተው እጅ አሁን ፍሬን ሊይዝ ነው።

ከዚያ 9 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት። እኔ ስንቀጠቀጥ መሪው አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ፍሬኑን መጨበጤን በዓይኔ አይቼ ነው የማረጋግጠው፤ ጣቴ አይነግረኝም። አንዱን ኩርባ ሰፍቼ ወጣሁና ነጩን መስመር ረገጥኩ። የኋላ ጎማዬ ሸተት አለ። አልወደቅኩም። ታች ስደርስ ግን «እኔ በቃኝ» አልኩ። መሪያችን «ዋናው አልቋል፣ አንድ ዳገት ነው የቀረን» አለ። ሌላው «ቡድን ጥሎ መሄድ ደስ አይልም» አለኝ። በሸለቆው መንገድ 31 ኪሎ ሜትር ብቻዬን ነድቼ ገባሁ።

እስኪ ፍረዱኝ።

ካቴና (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡34)

መጀመሪያ ስምህን ቀይር። ሁለት ጣት በአንድ ቀዳዳ ከትቶ 9 ኪሎ ሜትር የወረደ ሰው ፈሪ አይባልም። ትንሽ ነካ ያደረገው ይባላል።

ፓራፋንጎ_የታለ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡51)

እኔም ነበርኩ። ስለ ብርዱ ሌላው ይናገር፣ የኔ ብሶት ሌላ ነው። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ፓራፋንጎ የለውም። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሱ ጎማ የሚረጨውን ጭቃ ስበላ ዋልኩ። መነጽሬን ብጠርገው ይብሳል፤ ባወልቀው አሸዋው ዓይኔ ውስጥ ነው። ራቅ ብል ንፋሱ ይገፋኛል፣ ብጠጋ ጭቃው አለ።

ወገኖቼ፣ የኋላ ፓራፋንጎ ለራስ አይደለም የሚታሰረው። ለራስ ቢሆን መቀመጫን ከማርጠብ ያድናል፣ በቃ። ከኋላ ላለው ሰው ግን ዝቅ ብሎ እስከ ጎማው ታች መውረድ አለበት። ኮርቻ ሥር የምትሰካው አጭሯ ፕላስቲክ የአንተን ሱሪ ታድናለች፣ የእኔን ፊት አታድንም።

ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

ዶፍ_ወዳጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15)

እኔ ደግሞ ብቻዬን ልቃወም። የምናስታውሰው እኮ እንዲህ ያለውን ቀን ነው። ፀሐይ ወጥቶ፣ ንፋስ ሳይኖር የነዳችሁትን የትኛውን ቅዳሜ ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1980 ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ የቤልጂየሙን የሳይክል ውድድር ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥን በበረዶ ውስጥ ነድቶ ከ9 ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸንፏል። 174 ተነስተው 21 ብቻ ናቸው የጨረሱት። ሁሉም «በቃኝ» ቢል ኖሮ ያንን ውድድር ዛሬ ማን ያወራው ነበር?

ሌላም ልጨምር። ቁልቁለት_ፈሪ፣ በርዶህ ከነበረ የሚያሞቅህ ሦስተኛው ዳገት ነበር። ሜዳ ላይ 31 ኪሎ ሜትር በንፋስ መሄድ የባሰ ያበርዳል። ዳገት ምድጃ ነው።

ካቴና (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡19)

153ቱም ወደ ቤት የሄዱት ሳይክል ስለማይችሉ አይመስለኝም። ኢኖም ቢሆን ሁለት ጣቱ ከዚያ ቀን በኋላ ደህና አልሆነም። ብርድ ሲነካው እስከ ዛሬ ያመዋል። እሱ ባለሙያ ነው፣ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ቁልቁለት_ፈሪ ሰኞ በነዚያ ጣቶች ሥራ ይገባል።

ጋሼ_ፓምፕ (እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡05)

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ እንደ እናንተ ማታ አልነቃም፣ ጠዋት ነው የማነበው።

ልጄ ቁልቁለት_ፈሪ፣ ርዕስህ ላይ ያልከው ነገር ሁሉን ይዞታል። ዳገት ላይ አይበርድም። ሰው ፔዳል ሲረግጥ ከሚያወጣው ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በቆዳው ይወጣል። ዶፍ_ወዳጅ «ዳገት ምድጃ ነው» ያለው ልክ ነው። ነገር ግን ጫፍ ላይ ስትቆም ምድጃው ጠፋ። ልብስህ ርጥብ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ይቀዘቅዛል። ሃያ ደቂቃ የቆመ ሰው ቁልቁለቱን የሚጀምረው ገና ሳይወርድ ተሸንፎ ነው።

ቁጥሩን አብረን እናስላው። 11 ኪሎ ሜትር በአማካይ 7 በመቶ ቢሆን ወደ 770 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6 ተኩል ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሥሩ ላይ 9 ከነበረ ጫፉ ላይ 4 ወይም 5 ነው። በ5 ዲግሪ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ፊትህ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህም ለደረቅ ቆዳ ነው፤ አንተ ደግሞ ርሰሃል።

ዶፍ_ወዳጅ የድሮ ታሪክ ካነሳ እኔም አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 የጣሊያን ዙር የሳይክል ውድድር፣ ጂሮ ዲታሊያ፣ ጋቪያ የሚባለውን፣ ከ2,600 ሜትር በላይ የሆነውን የተራራ መተላለፊያ በበረዶ ውሽንፍር ተሻገረ። ጫፉን ቀድሞ ያለፈው ሆላንዳዊው ዮሃን ፋን ደር ፌልደ ነበር፣ ያውም በአጭር እጅጌ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ ጣለው። ቆሞ ሰውነቱን ማሞቅ ግድ ሆነበት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቷል። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ደግሞ ቡድኑ ወፍራም ልብስና ትኩስ መጠጥ ጫፉ አካባቢ አዘጋጅቶለት ነበር። በዕለቱ ሁለተኛ ወጣ፤ የመሪውን ሮዝ ማሊያ ለበሰ፤ ጂሮውንም አሸነፈ። ዳገቱን ሁለቱም ወጥተውታል። የለያቸው ጫፉ ላይ የተለበሰው ልብስ ነው።

ስለዚህ የዝናብ ጃኬት ዳገት ላይ አይለበስም፤ በጣም ካልበረደ በቀር ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ከዳገቱ ጫፍ 200 ሜትር ሲቀር፣ ገና ሳትቀዘቅዝ፣ ጣትህ ገና ሲታዘዝህ ትለብሰዋለህ። ሁለተኛ ደረቅ ጓንት በፌስታል ጠቅልለህ ጀርባ ኪስህ ውስጥ አድርግ። ጋዜጣ ከማሊያው ሥር ደረት ላይ ማድረግም ያረጀ ዘዴ ነው፣ ግን ዛሬም ይሠራል። ንፋስ አያሳልፍም፤ ታች ስትደርስ ትጥለዋለህ።

አዲስ_ኮርቻ (እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡12)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ገና ሁለት ወሬ ነው ከጀመርኩ። እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ትናንት ፍሬኔ አልያዝ ብሎኝ ነፍሴ ወጣ። ስጨብጠው መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ድንገት ያዝ ያደርጋል። የኔ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ነው፣ ዲስክ አይደለም። ለዝናብ ብዬ ጎማዬንም ከወትሮው የበለጠ ነፍቼው ነበር፣ ጠንከር እንዲልልኝ።

ጋሼ_ፓምፕ (እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡40)

ጎማውን በተቃራኒው ነው ማድረግ የነበረብህ። ጠንካራ ጎማ ርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ከለመድከው ከ5 እስከ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) ዝቅ ብታደርገው ይሻላል። ከዚያ በታች ግን ጉድጓድ ስትመታ ቸርኬው ጎማውን ቆንጥጦ ይበሳዋል። የጎማው ጥርስ አያሳስብህ፤ የሳይክል ጎማ ቀጭን ስለሆነ እንደ መኪና ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ለስላሳም ቢሆን ይይዛል።

የፍሬኑ ነገር የታወቀ ነው። ቸርኬው ላይ ውሃ አለ፤ ላስቲኩ መጀመሪያ ያንን ውሃ ጠርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ኩርባው ሳይደርስ ቀደም ብለህ በስሱ ነካ ነካ ታደርገዋለህ። ሲደርቅ ትጨብጣለህ። ፍጥነትህን ቀጥ ብለህ እያለህ ቀንስ፤ ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ ፍሬን አትያዝ። በውጭ በኩል ያለው እግርህ ወደ ታች ይሁን፣ ክብደትህን እሱ ላይ ጣል። ነጭ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ የወደቀ ቅጠል፣ ሦስቱንም ቀጥ ብለህ እለፍባቸው።

ካቴና (እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡44)

የፍሬኑን ላስቲክም እየው። በዝናብ ቀን አሸዋው እንደ ሞረድ ይበላዋል። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ላስቲክ ገጥሜ ወጥቼ ማታ ብረቱ ቸርኬውን ሲፍቅ ሰምቼ ነው የገባሁት።

ነጭ_ጓንት (እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡30)

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሳይክልም እነዳለሁ። ቁልቁለት_ፈሪ፣ መመለስህ ትክክል ነው። ብቻህን መመለስህ ግን ትክክል አይደለም፤ የፈቀዱልህም አጥፍተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው። ሰውነት ራሱን ለማሞቅ እየታገለ ነው። የሚያስፈራው፣ ብርዱ ሳይለቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮም አብሮ ይፈዛል። ሰውዬው ቃላት ያንሻፍፋል፣ እግሩ ይወላከፋል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ይነጫነጫል፣ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። ያን ጊዜ የሱን ቃል አትመኑ። ዶፍ_ወዳጅ ያልከው «ዳገቱ ያሞቀዋል» የሚሠራው ሰውየው ገና ፔዳል መርገጥ የሚችል ከሆነ ነው። እሺ፣ ሞቀ እንበል። ከሦስተኛው ዳገት በኋላስ? ሦስተኛ ቁልቁለት አለ፤ አሁን ደግሞ በባሰ ርጥበትና በባሰ ድካም።

እንዲህ የሆነ ሰው ካጋጠማችሁ ከንፋስ አስጠልሉት። ርጥቡን አውልቁና ደረቅ አልብሱት፣ ራሱን ሸፍኑለት። ራሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ሙቅና ጣፋጭ ነገር አጠጡት። እጅና እግሩን አትሹት። አልኮል የሚባል ነገር እንዳታስቡት። አፉ ከተያዘ ወይም እንቅልፍ ከጣለው አምቡላንስ ጥሩ፣ አታመንቱ። የብር ወረቀት የምትመስለዋ የድንገተኛ ብርድ ልብስ ታጥፋ ከስልክ አትበልጥም። ከ14 ሰው አንድ ሰው እንኳ አልያዘም ነበር?

ቤት ስትገባም በጣም የበረደህ ከሆነ ወዲያው ትኩስ ሻወር ሥር አትቁም፤ ራስህን ስተህ ልትወድቅ ትችላለህ። መጀመሪያ ደረቅ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሙቅ መጠጥ።

ቁልቁለት_ፈሪ (እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡58)

እህቴ፣ ሻወሩን አድርጌዋለሁ። በግድግዳው ተደግፌ ነበር የቆምኩት፣ ዞሮብኝ። የደከመኝ መስሎኝ ነበር። አመሰግናለሁ።

ስለመነጫነጭ ያልሽው ግን አሳቀኝ። ያ «ቡድን ጥሎ መሄድ ደስ አይልም» ላለኝ ልጅ የመለስኩለት እዚህ አይጻፍም። ወንድሜ፣ እዚህ ካለህ ይቅርታ። ብርዱ ነው ልበል።

የፊት_ጎማ (እሁድ፣ ከቀኑ 7፡10)

የትናንቱ መሪ እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ለመከላከል ሳይሆን የሆነውን ልናገር።

«ጨው ነህ እንዴ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር። አሁን ሳየው ግን ቀልዱ ሰው እንዳይቀር ነው ያደረገው።

ጫፍ ላይ መጠበቅ የክለባችን ደንብ ነው፤ የመጣውም ከክፉ ነገር አይደለም። ድሮ ሰው ተጥሎ ይቀር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ መንገድ ስቶ ጨለማ ነው ያገኘነው። ከዚያ በኋላ «ማንም አይጣልም» አልን። ፀሐይ ላይ ጥሩ ደንብ ነው፤ ሰው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ ፎቶ ይነሳል። በትናንቱ አየር ግን 11 ሰው ለማቀዝቀዝ ነው ያገለገለው። ከጫፉ ሁለት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። እዚያ ብናቆም ኖሮ ቢያንስ ንፋሱ አይመታንም። አለዚያም ቀድሞ የደረሰው ወደ ታች ተመልሶ የመጨረሻውን ሰው አግኝቶ አብሮ ይወጣል። አይቀዘቅዝም፤ የኋለኛውም ብቻውን አይሆንም። ይህንን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሠርተነዋል። ትናንት ግን ራሴም በርዶኝ ነበር መሰለኝ፣ አንጎሌ ከደንቡ ውጪ ማሰብ አልቻለም።

ነጭ_ጓንት፣ ብቻውን መልቀቄን በተመለከተ ምንም የምለው የለኝም። አንድ ሰው አብሮት እንዲሄድ ማዘዝ ነበረብኝ።

መጨረሻውንም ላልሰማችሁ፣ ከቁልቁለት_ፈሪ በኋላ ሦስተኛው ዳገት ሥር አራት ሰው ተመለሰ። አንዱ ድልድዩ ላይ ያለው የብረት መገጣጠሚያ አንሸራቶት ወድቆ ክርኑ ተላጠ፤ ደህና ነው። ጨርሰን የገባነው ስድስት ነን። ስድስታችንም ምንም አላወራንም፣ ሳይክል እየገፋን ወደየቤታችን።

ፓራፋንጎ_የታለ (እሁድ፣ ከቀኑ 7፡18)

14 ሲቀነስ 1፣ ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ የወደቀው... ስምንት አይመጣም? ሁለት ሰው የት ገባ?

የፊት_ጎማ (እሁድ፣ ከቀኑ 7፡21)

አንዱ የወደቀውን ልጅ ይዞ ተመለሰ። አንደኛዋ ራሷ ትናገር።

ዘገየሁ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡45)

አንደኛዋ እኔ ነኝ። የተጠበቅኩትም እኔ ነኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ልጽፍ ብዬ ስተው ነው የዋልኩት። ጎማዬን የበሳችው ከጥፍር ያነሰች ስል ድንጋይ ናት። በዝናብ ጎርፉ ጠጠሩን ከዳር አምጥቶ መንገድ ላይ ይበትነዋል፤ ርጥብ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይቆረጣል። ሁለት ልጆች አብረውኝ ቆሙ። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ የምንጠቀምበት ፕላስቲክ ተሰበረ። በጣት ለማውጣት ሞከርን፤ ጣት የለም። ሦስት ጊዜ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «ደንብ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወጣሁ። በሙሉ ኃይሌ ነው የወጣሁት፣ ሰው እየጠበቀኝ መሆኑን እያወቅኩ። ጫፉ ላይ ስደርስ ላብ በላብ ነኝ፣ እንዲያውም ሞቆኛል። ከጭጋጉ ውስጥ 11 ሰው ተደርድሮ አየሁ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም። ዝምታቸው ነው የከበደኝ።

ማንም ያላነሳውን ነገር ላንሳ። እኔ እንደደረስኩ «መጣች፣ እንሂድ!» ተባለ። እነሱ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመዋል፣ እኔ ሃያ ሰከንድ። ትንፋሼ አልተመለሰም፣ ጃኬቴ ገና ኪሴ ውስጥ ነው። «ቆይ ጃኬት ልልበስ» ለማለት አፈርኩ። ከዚያ በላይ ላስጠብቃቸው? በላብ በራሰ ማሊያ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት። ታች ስደርስ ዓይኔን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ቁልቁለት_ፈሪ «በቃኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። «እኔም» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁሉንም ያስጠበቅኩ እኔ ሆኜ እንዴት አድርጌ? ሦስተኛው ዳገት መሃል ላይ ቆሜ ሰው ደውዬ በመኪና ተወሰድኩ።

እና ቁልቁለት_ፈሪ፣ አንተ ፈሪ ነኝ ወይ ትላለህ። እኔ ደግሞ አንተ የተናገርካትን አንድ ቃል ለመናገር ነው የፈራሁት።

ቁልቁለት_ፈሪ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡02)

እህቴ፣ ማልልሻለሁ፣ አብረሽኝ ትመለሺ የነበረ መሆኑን ባውቅ ቆሜ እጠብቅሽ ነበር። ሰው ሳይሰማኝ ቶሎ ልሂድ ብዬ ዞር ብዬም አላየሁ። ይቅርታ።

ስለ ጃኬቱ ያልሽው ደግሞ... እኛ ቆመን ስንንቀጠቀጥ የምናስበው አንቺ እንደደረስሽ ለመሄድ ብቻ ነበር። አንቺ መድረስሽን እንጂ ገና ያን ሰዓት መድረስሽን አላሰብንም።

ዶፍ_ወዳጅ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡30)

እሺ። ስለ ኢኖ ያልኩትን አልመልስም፤ አሁንም ዝናብ እወዳለሁ። ግን ዘገየሁ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ሁሌ ከፊት ነኝ። ጫፍ ላይ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ልብሴን እቀይራለሁ፣ አንድ ነገር እቀምሳለሁ፣ አርፋለሁ። ከዚያ የመጨረሻው ሰው ይደርስና እንነሳለን። ለካ ለኔ ዕረፍት የሆነው ሁሉ ለሷ የለም።

የፊት_ጎማ (እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡05)

የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ፤ መንገዱም ያው ዳገት ነው። ትንበያው አሁንም ጥሩ አይደለም። እንዲህ እናድርግ ብዬ አስቤያለሁ፣ ካልተስማማችሁ ተናገሩ።

ዝናብ ካለ ጫፍ ላይ አንቆምም። መጠበቂያው ደኑ ነው፤ ከፊት ያለው ወደ ኋላ ተመልሶ ይነዳል። የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ሰዓት ተይዞ ሦስት ደቂቃ፤ ልብስ ይለበሳል፣ ትንፋሽ ይመለሳል፣ ከዚያ ነው የሚሄደው። ከኋላ አንድ ቋሚ ሰው ይኖራል፤ ደህና ፓምፕ፣ የብረት ጎማ ማውጫና ያቺን የብር ብርድ ልብስ ይይዛል። ሦስተኛው ዳገት ሥር የሸለቆው መንገድ መገንጠያ ላይ ሁሉም ሰው ይጠየቃል። አንድ በአንድ፣ በስም። «ማን ይመለሳል?» ተብሎ በጅምላ አይጠየቅም፤ በጅምላ ሲጠየቅ ማንም አይመልስም። የሚመለስ ካለ ሁለት ሆኖ ነው የሚመለሰው። ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ እኔ እመለሳለሁ።

ጋሼ_ፓምፕ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10)

ደህና ነው። የኋለኛው ሰው እኔ እሆናለሁ። ድሮም ከኋላ ነኝ፣ በሹመት ይሁንልኝ።

ቁልቁለት_ፈሪ፣ ጫማህ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ በየሰዓቱ ቀይረው፤ ምድጃ አጠገብ ካደረግከው ሙጫው ይለቃል። ካቴናህን አድርቀህ ዘይት ቀባው። ዛሬ ካልቀባኸው ነገ ቀይ ሆኖ ነው የምታገኘው።

ቁልቁለት_ፈሪ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡25)

ጋሼ፣ ዘግይተዋል። ቀይ ሆኗል።

ዘገየሁ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ከሆኑ እኔ እመጣለሁ። ጃኬቴን ግን ከደኑ ሳንወጣ ነው የምለብሰው።

ፓራፋንጎ_የታለ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡52)

አንድ ነገር ተረስቷል። ፓራፋንጎ ያላሰረ ሰው መጨረሻ ይሰለፍ። ይህም ደንብ ይሁን።

ካቴና (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡55)

እንደዚያ ከሆነ አንተ ብቻህን ከፊት ልትነዳ ነው።